ሮምን በእናቴ አቅም ላስጎበኘችን እህታችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። እናት ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ሮምን ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህ ጽሁፍ ለናንተ ነው። አንዲት እህታችንን በሰው ፊት ላመሰግን ፈልጌ ነው። ሮም ውስጥ በፈቃድ የምትሰራ አስጎብኚ ናት፤ ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማስጎብኘት አይቻልም። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች፣ ስለዚህ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሮም ላይ እንድንገናኝ ተስማማን፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮም በቀጥታ ስለሚበር ትራንዚት ላይ ትቸገራለች የሚል ሐሳብ አልነበረብኝም። እናቴ ሰባዎቹን አጋምሳለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ረቡዕና አርብ ትጾማለች። ምን ማየት እንደምትፈልግ ስጠይቃት ደግሞ መልሷ አጭር ነበር። የጴጥሮስን መቃብር መሳለም፣ አበበ የሮጠበትን መንገድ መርገጥ፣ የአክሱም ሐውልታችን ቆሞበት የነበረውን ቦታ ማየት። ሌላው ቢቀር ግድ የላትም።

መጀመሪያ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጠይቄ ነበር። የላኩልኝ ፕሮግራም ጠዋት ቫቲካን፣ ከሰዓት ኮሎሲየም፣ ማታ የትሬቪ ፏፏቴና ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የታጨቀ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል ብዬ መልሼ ብጽፍላቸውም ያንኑ ወረቀት ላኩልኝ። ከዛ ነው ሮም የሚኖር የአብሮ አደጌ ወንድም ይህቺን ልጅ የጠቆመኝ።

የመጀመሪያው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ዋጋ ከመናገሯ በፊት ጥያቄ ጠየቀችኝ። እናትህ ቤቷ ስንት ደረጃ ትወጣለች? መድኃኒቷን ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ የምትወስደው? ሳታርፍ ምን ያህል መራመድ ትችላለች? ሽንት ቤት ቶሎ ቶሎ ትሄዳለች ወይ? ጾም ላይ ናት? ብቻዋን ሆቴል ብትቀር ትፈራለች? እኔ ልጇ ሆኜ ግማሹን መመለስ አልቻልኩም፣ ለእናቴ ደውዬ ጠየቅኳት። ፕሮግራሙን ያወጣችው ከዛ በኋላ ነው፤ ጠዋት አንድ ትልቅ ነገር፣ ቀትር ላይ እረፍት፣ አመሻሽ ላይ ቀለል ያለ ወክ። በየመሃሉ የት ወንበር እንዳለ፣ የት ንጹህ ሽንት ቤት እንዳለ ሳይቀር ጽፋበታለች። ጫማን በተመለከተ ደግሞ የሮም መሃል ከተማ ኮብልስቶን ስለሆነ ሶሉ ወፈር ያለ እንጂ አዲስ ጫማ እንዳታደርግ ነግራናለች። እናቴ ለጉዞው ብላ ያስገዛችው አዲስ ጫማ አዲስ አበባ ቀረ፣ ጥሩም ሆነ።

ቪዛን በተመለከተ ግልጽ ናት፤ አልሰራም አለችኝ። ግን ለማመልከቻው የሚሆን የቀን በቀን ፕሮግራም አዘጋጅታ ላከችልኝ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን እንዳለበት ያስታወሰችኝም እሷ ናት። ቪዛ እናስጨርሳለን እያሉ ብር የሚቀበሉ ደላሎች በበዙበት ጊዜ "ይሄ የኔ ስራ አይደለም" የሚል ሰው ማግኘት እራሱ ያሳርፋል።

ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ከተማ ለመግባት ባቡር አለ፣ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው፣ 14 ዩሮ ነው፣ በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ፣ ማለትም ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ያደርሳል። ለኔ ብቻዬን ቢሆን እሱ ይበቃኝ ነበር። እሷ ግን ሌሊቱን ስትበር ላደረች እናት ሻንጣ ይዞ ቴርሚኒ ጣቢያ መንገላታት አይሆንም ብላ ታክሲ ያዙ አለችን፤ ከኤርፖርት ወደ መሃል ከተማ ያለው የታክሲ ዋጋ የተተመነ ስለሆነ ነጩን ባለፈቃዱን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ያዙ፣ በር ላይ "ታክሲ ታክሲ" እያለ የሚጠራችሁን አትከተሉ አለች። እንዳለችው አደረግን።

ኮሎሲየም። ትኬቱ ከ30 ቀን በፊት ነው ኦንላይን የሚለቀቀው፣ ስም ይጻፍበታል፣ በር ላይ ፓስፖርት ይታያል። የኛን በተለቀቀበት ቀን ያዘችልን። ውስጡ ሊፍት አለ፣ እናቴ አንድ ደረጃ ሳትረግጥ ላይኛው ክፍል ወጣች። ልጅቷ እዛ ላይ ሆና ስታስረዳ የቀንና የንጉሥ ስም አላዘነበችብንም። ንጉሠ ነገሥቱ ቬስፓሲያን ጀመረው፣ ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 መረቀው፣ ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ቲቶ እሱ ነው አለቻት። እናቴ ወዲያው ገባት። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነብ ሰው ስለሆነች "ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀርም" የተባለው ያ ነው? ብላ ጠየቀች፣ ከዛ በኋላ ጉብኝቱ የጥያቄና መልስ ሆነ። ሰዎች ከውጭ "ወረፋ የለውም" እያሉ የሚሸጡትን ትኬት እንዳትገዙ ደግሞ እኔም እጨምራለሁ።

ቫቲካንን በሁለት ቀን ከፈለችው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ በነጻ ነው፣ ያን ሰዓት ሰልፍ የለም ማለት ይቻላል። ረቡዕ ጠዋት ግን ጳጳሱ አደባባዩ ላይ ሕዝብ የሚቀበሉበት ስለሆነ እንዳትሄዱ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ነበር፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ለሷ ችግር አልነበረም። የጴጥሮስ የነሐስ ሐውልት አለ፣ ተሳላሚ ለዘመናት ሲዳስሰው የቀኝ እግሩ ጣቶች ተልጠው ጠፍጥፈው ለስልሰዋል። እናቴ በእጇ ነካችው፣ እጇን ሳመች፣ ከዛ የነጠላዋን ጥለት አሸችበት፤ አዲስ አበባ ላሉት ጎረቤቶቿ ማለት ነው። ልጅቷ አላቻኮለቻትም። ከኋላ ሰው ሲመጣ እሷ ቆማ መንገድ እየሰጠች እናቴን ጠበቀቻት። ከመሠዊያው በታች መቃብሩ ባለበት አቅጣጫ ደግሞ ጸሎቷን እስክትጨርስ ራቅ ብለን ቆምን።

ሙዚየሙ በሌላ ቀን ነበር። ዊልቸር በነጻ ይሰጣሉ፣ መታወቂያ ማስያዝ ብቻ ነው። እናቴ መጀመሪያ "አካለ ጎዶሎ ነኝ እንዴ" ብላ እምቢ አለች። ልጅቷ "እማማ፣ ኮሪደሩ ብቻ አያልቅም፣ ሲስቲን ቻፕል ሲደርሱ ቆመው እንዲያዩ ጉልበትዎን እናስቀምጥ" አለቻት፣ በዚህ ተስማማች። እውነትም ሲስቲን ቻፕል ስንደርስ ተነስታ ቆመች፣ ጣሪያውን ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ማይክል አንጄሎ ያን ጣሪያ ለመሳል እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 ነው የፈጀበት። እሁድ ሙዚየሙ ዝግ ነው፤ የወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ በነጻ ይከፈታል፣ ግን የሰዉ ብዛት ወላጅ ይዞ የሚሞከር አይደለም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ለኔ የዚህች ልጅ ችሎታ የታየኝ "የኛ ሮም" ብላ ባወጣችው ከሰዓት ላይ ነው።

ቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ትልቅ አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ስንቱ አበሻ በዛ አደባባይ ሻንጣ እየጎተተ አልፏል፤ እኔም ከዚህ በፊት አልፌበታለሁ። ከአደባባዩ ትንሽ ራቅ ብሎ የሟቾቹ መታሰቢያ ሐውልት አለ። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ፣ አሁን ለገሃር ፊት ለፊት ያለው፣ ያኔ እዛ ሐውልት ስር ነበር የተቀመጠው። ዘርአይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም አንበሳውን አይቶ ተንበርክኮ ሰይፉን የመዘዘውም እዛው ነው። እናቴ ታሪኩን ታውቀዋለች፣ ቦታውን ግን እንዲህ በመኪና ጫጫታ የተከበበ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። ሐውልቱ አጠገብ ቆማ "እዚህ ብቻውን?" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዛ በታክሲ ፖርታ ካፔና ወረድን። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ የቆመው እዚህ ነው፤ ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ ከታቀደው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነው ሕንጻ ፊት ለፊት። እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ስምምነት ጣሊያን የዘረፈችውን ልትመልስ ፈርማ ነበር፤ ሐውልቱ ግን አገሩ የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም ነው፣ አክሱም ላይ መልሶ የቆመው ደግሞ በ2000 ዓ.ም። ዛሬ በአካባቢው ሁለት ጥንታዊ አምዶች ቆመዋል፣ እነሱ የመስከረም 11ዱ የኒውዮርክ ጥቃት መታሰቢያ ናቸው። እናቴ ባዶውን ቦታ እያየች "እንኳን ወደ ቤቱ ገባ" አለች። አውሮፕላኑ አክሱም ሲያርፍ በቴሌቪዥን ያየችውን እዛው ቆማ ተረከችልን፤ አስጎብኚዋ የዛን ጊዜ ልጅ ስለነበረች እሷም ጆሮዋን ሰጥታ ሰማቻት፣ ጥያቄም ጠየቀቻት።

ከዛ ቦታ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ በሳን ግሪጎሪዮ ጎዳና መሄድ ይቻላል። አጭር ነው፣ ዛፍ አለው። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን የጨረሰው በዚሁ በኩል ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነበር፣ በኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ! መሽቷል፣ በአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል፣ እሱ በባዶ እግሩ ነው። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት የወጣው ሐውልታችን አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በ25 ሰከንድ ቀድሞት ገባ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ጎዳናው ዳር ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ጽሁፍ ተለጥፎለታል፣ ካልተነገራችሁ አታዩትም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሃምሳኛ ዓመቱ ሲከበር የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገናም የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው። እናቴ ያን መንገድ በእግሯ ካልሄድኩ አለች። ክንዴን ይዛ፣ ሁለት ቦታ አርፋ፣ ቅስቱ ድረስ ሄደች። ልጅቷ ታክሲውን እዛ ጫፍ ላይ እንዲጠብቀን አድርጋ ነበር።

ሌላ የሚገርመኝ ደግሞ ከማይቻለው ነገር ጋር ያላት ሐቀኝነት ነው። ቫቲካን ግቢ ውስጥ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1479 ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠ፣ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 49 ሮም ላይ ሲያሳትሙ የኖሩበት። እናቴ ይህን ስትሰማ እንግባ አለች። ልጅቷ እንደሌላው "እሞክራለሁ" ብላ ተስፋ አልሰጠችም፤ ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም፣ በዚህ ጉዞ አይሆንም፣ አለቀ። ለኔ ግን ጉልላቱ ላይ ከወጣሁ ከባዚሊካው ጀርባ ወደ ታች እንድመለከት ነገረችኝ። ደረጃው 551 ነው፣ በሊፍት ከጀመራችሁ 320 ይቀራል።

ለትሬቪ፣ ለስፔን ደረጃዎችና ለፓንቴዮን ገንዘብ አልተቀበለችንም። "ለዚህ እኔ አላስፈልግም፣ ራሳችሁ ሂዱ" ብላ መንገዱን በድምፅ መልእክት ላከችልን። ለፓንቴዮን 5 ዩሮ ይከፈላል፣ የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ያስቀጣል፣ ትሬቪ የሚጣለው ሳንቲም ለካሪታስ እርዳታ ድርጅት ነው የሚሄደው። እናቴ ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ "ምጽዋት ከሆነማ" ብላ ቦርሳዋን ፈታ ያለ የሌለ ሳንቲሟን ጣለች። ሜትሮና አውቶቡስ ላይ ኪስ አውላቂ አለ፣ ቦርሳ ፊት ለፊት ይያዝ።

የጾም ነገር የሚያሳስባችሁ ካላችሁ ጣሊያን ውስጥ ቀላል ነው። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። ፓስታ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አለ። አይሁድ ሰፈር ደግሞ በወይራ ዘይት የሚጠበስ አርቲቾክ የሚባል አትክልት አለ፣ እናቴ ሁለት በላች። እንጀራ ላማራችሁ ቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ የሚፈሰው ቧንቧ ንጹህና ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ ነው።

ዋጋዋ? ርካሽ አይደለችም፣ እውነቱን ልናገር። ግን የተስማማንበት ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመረችም፣ የትኬቶቹንም ደረሰኝ በየስሙ ሰጥታናለች። ቀን ስራ ላይ ስለምትሆን መልስ የምትሰጠው ማታ ነው፣ ታገሷት። በፋሲካ ሰሞንና በአውሮፓ የበጋ ወራት ቀኗ ቶሎ ስለሚያዝ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጻፉላት። ስትጽፉላት የሰዎቹን ዕድሜ፣ ሐኪም የከለከላቸውን ነገር፣ የበረራ ሰዓታችሁንና ከሁሉም በላይ ማየት የሚፈልጉትን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ላኩላት።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እናቴ በስልክ በደወልኩ ቁጥር "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" ትለኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ስራሽን ይባርክልሽ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አክስቴን ይዤ ልመጣ ነውና ግንቦት ላይ ቀን ያዢልኝ።