«ሃርትሺት»፦ ከጭን ጡንቻ የተሠራው የልብ ሉህ ሲገመገም

የጃፓኑ ቴሩሞ ኩባንያ ምርት የሆነው «ሃርትሺት»፣ ከታካሚው የራሱ ጡንቻ ሴሎች ተሠርቶ ልብ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሉህ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅድመ ሁኔታ ተፈቅዶ ገበያ ገባ። ዋጋው የሚያስደነግጥ ነበር። ጡንቻ መውሰጃውና ማራቢያው 6.36 ሚሊዮን የን፣ አንዱ ሉህ 1.68 ሚሊዮን። ለአንድ ታካሚ አምስት ሉህ ስለሚያስፈልግ ድምሩ 14.76 ሚሊዮን ይደርስ ነበር። የታሰበው የልብ ደም ቧንቧቸው ጠብቦ ልባቸው ለደከመ፣ መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምናውም ላልበቃቸው ሰዎች ነበር።

ከታካሚው ጭን ከ2 እስከ 5 ግራም ጡንቻ ይወሰድና የተጎዳ ጡንቻን የሚጠግኑት ሴሎች ተለይተው ለሳምንታት ይራቡ ነበር። ከዚያ በረዶ ሆነው ወደ ሆስፒታሉ ይመለሱ ነበር። የምርቱ ምርጥ ክፍል ሴሎቹ ሉህ ሆነው የሚያድጉበት ሳህን ነበር። በ37 ዲግሪ ሴሎቹ ሳህኑ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከ32 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ የሳህኑ ሽፋን ውኃ ስቦ ሉሁን ሳይቀደድ ይለቀዋል። በኢንዛይም ቢላቀቅ ኖሮ ሴሎቹን የሚያያይዘው ፕሮቲን ተቆርጦ ብትንትናቸው ይወጣ ነበር። የተበተነ ሴል በመርፌ ሲወጋ ደግሞ አብዛኛው እዚያው ይሞታል ወይም በደም ታጥቦ ይሄዳል። ሉሁ በጣም ስስ ስለሆነ ሲነሳ ይጠቀለላል። ደራርቦ ማወፈሩም አያዋጣም፤ ኦክስጅን ስለማይደርሰው መሃሉ ይሞታል። ሐኪሙ በግራ በኩል ደረት ከፍቶ አንድ በአንድ ልቡ ላይ ይዘረጋው ነበር።

ችግሩ ሴሉ ራሱ ጋ ነበር። የእግር ጡንቻ ሴል የልብ ጡንቻ አይሆንም፤ ከልብ ጋር በኤሌክትሪክ ስለማይገናኝ አብሮ አይመታም። የሚጠበቅበት የደም ሥር የሚያበቅሉ ንጥረ ነገሮችን ማመንጨት ብቻ ነበር። ይኸው የሴል ዓይነት በመርፌ በተሞከረባቸው ቀደምት ጥናቶች የልብ ምት መዛባት ስለታየ፣ ከቀዶው በኋላ የልብ ምት ክትትል የግድ ነበር። ሴሉ እስኪራባ መጠበቁም ልቡ ለደከመ ሰው ቀላል አልነበረም።

ማስረጃውስ? ፈቃዱ የተሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን በሌለው የ7 ታካሚዎች ሙከራ ነው። ያ ብቻውን ለሙሉ ዋጋ ክፍያ ይበቃል ማለት ይከብዳል፤ ታካሚውና መድኅኑ የሙከራውን ወጪ እንደመሸፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጃፓን ጤና ሚኒስቴር የባለሙያዎች ቡድን ውጤታማነቱ አልተረጋገጠም ብሎ ሙሉ ፈቃድ ነፈገው፤ ምርቱም ከገበያ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ኩኦሪፕስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የተለየ ሉህ ለፈቃድ አቀረበ። ይህኛው ከአይፒኤስ ስቴም ሴል (ተራ የሰውነት ሴል ወደ ማንኛውም ዓይነት ሴል መለወጥ እንዲችል ተደርጎ) የተሠራ እውነተኛ የልብ ጡንቻ ሴል ነው። ከሌላ ሰው ስለሚመጣ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሰውነት እንዳይገፋው ግን የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ይጠይቃል። የቀረበበት ሙከራ 8 ታካሚዎች ነበሩት።