ያለ ክራክ ፎቶሾፕ፦ ለቤት ጉዳይ ጊምፕን የምንመርጥበት ምክንያት

ፎቶ ማስተካከል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ፎቶሾፕን ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከፍላሽ ተገልብጦ በክራክ (የክፍያ ቁልፉን በሚሰብር ፕሮግራም) የተከፈተ ነው። ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱ ይጥፋ ይባላል፤ ቫይረሱም የሚገባው በዚያው በር ነው። የቤተሰብ አልበምና የባንክ አካውንት በሚከፈትበት ላፕቶፕ ላይ ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። የድሮ ፎቶ ለማደስ፣ ጉርድ ፎቶ ለማዘጋጀት፣ የክርስትና ወይም የልደት ካርድ ለመሥራት ደግሞ ፎቶሾፕ የግድ አያስፈልግም። የእኛ ምርጫ ጊምፕን ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ፎቶፒ የተባለውን የድረ ገጽ ፎቶ ማስተካከያ ብሮውዘር ውስጥ ለተጠባባቂነት መያዝ ነው።

ጊምፕ በ1995 እንደ ፈረንጆቹ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ተማሪዎች የተጀመረ ነፃ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ማውረድ ያለበት ከራሱ ድረ ገጽ፣ ከጊምፕ ዶት ኦርግ ብቻ ነው። በመጋቢት 2025 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ስሪት 3.0 ከቀድሞው 2.10 በጣም ይሻላል፤ ብዙ ማጣሪያዎች ፎቶውን ሳይነኩ ከላይ ይቀመጣሉ፣ በኋላም ተመልሰው ይስተካከላሉ። ኮፒ ተደርጎ የመጣ ምስልም ያለ ተጨማሪ እርምጃ በራሱ ሌየር (በሌላው ላይ በሚደረብ የምስል ንብርብር) ላይ ያርፋል።

ጥንካሬው ጎልቶ የሚታየው የድሮ ፎቶ ሲታደስ ነው። ፎቶው በስካነር ከሆነ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት) ይነሳ፤ የሚቀመጠውም በቲፍ ወይም በፒኤንጂ የፋይል ዓይነት እንጂ በጄፔግ አይሁን። ስካነር ከሌለ መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ስልኩን ከፎቶው ትክክል በላይ ይዞ ማንሳት ይበቃል። ጊምፕ ውስጥ ሲከፈት መጀመሪያ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ዲ ተጭነው ሌየሩን ያባዙና ሥራውን በቅጂው ላይ ይሥሩ። ባዶ ሌየር ላይ ለመሥራት መሞከር አያዋጣም፤ «ሂል» የሚባለው መሣሪያ የሚያዋህደው ከሥሩ ያለውን ቀለም አይቶ ስለሆነ ባዶ ቦታ ላይ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ለጭረትና ለነጠብጣብ ኤች ተጭነው ሂልን ያውጡ። ብሩሹ ከጭረቱ ስፋት ትንሽ ብቻ ይብለጥ። ኮንትሮል ይዘው ንጹሕ ቆዳ ወይም ንጹሕ ግድግዳ ላይ አንዴ ይጫኑና ጭረቱን በአጭር በአጭሩ ይንኩ። በአንድ ረጅም ስበት ለመጨረስ ከሞከሩ ፊቱ እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል። እጥፋቱ የሚያልፈው በፀጉርና በግንባር ድንበር ላይ ከሆነ ሂል የፀጉሩን ጥቁር ወደ ቆዳው ይጎትተዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሲ ተጭነው «ክሎን»ን መጠቀም ነው፣ እሱ ሳያዋህድ እንዳለ ይገለብጣልና። ለደበዘዘው «ከለርስ» ከሚለው ሜኑ «ሌቭልስ»ን ከፍተው ጥቁሩን ሦስት ማዕዘን የግራፉ ተራራ እስከሚጀምርበት ያስጠጉት። ነጩን ግን በጥንቃቄ! የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ያለበት ፎቶ ላይ ነጩን ብዙ ከሳቡት የሸማው ድርና ማግ ጠፍቶ ልብሱ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ፊት ጨልሞ ልብስ ደህና ከሆነ «ከርቭስ»ን ከፍተው የመሐሉን ነጥብ ብቻ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው።

ጉርድ ፎቶ ደግሞ እንዲህ ይሠራል። 3 በ4 ሴንቲሜትር በ300 ዲፒአይ 354 በ472 ፒክስል ነው። በመቁረጫው መሣሪያ «ፊክስድ» ላይ ምልክት አድርገው ሬሾውን 3፡4 ብለው ይቁረጡ፤ ከዚያ «ስኬል ኢሜጅ» ገብተው ቁጥሩን ይጻፉ። «ካንቫስ ሳይዝ»ን (ምስሉ ያረፈበትን ሸራ ልክ) 374 በ492 አድርገው «ሴንተር»ን ይጫኑ፤ የጀርባው ቀለም ነጭ መሆኑን አረጋግጠው «ፍላተን» ያድርጉ (ሌየሮቹን ወደ አንድ ያዋህዱ)። ይህ ለመቀስ የሚሆን ነጭ ጠርዝ ይሰጣል። ቀጥሎ ከ«ፊልተርስ»፣ «ማፕ»፣ «ታይል» ገብተው 1122 በ1476 ቢያደርጉት ዘጠኝ ፎቶ ተደርድሮ ይወጣል። በመጨረሻ ካንቫሱን 1181 በ1772 ካደረጉት ልክ የ10 በ15 ወረቀት ነው። ፎቶ ቤቱ ሲያትም «ወረቀቱን ሙላ» የሚለውን እንዳይመርጥ ይንገሩት፤ ከመረጠ ልኩ ይዛባል።

ለጀርባው ነጭ ግድግዳ ይምረጡ፤ ሰውየውም ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ጥላ እንዳይጥል። አፍሮ ወይም ክፍት ፀጉርን ከጀርባው ቆርጦ ማውጣት በነፃም ሆነ በሚከፈልበት ፕሮግራም አድካሚ ነው፤ ጊምፕም እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ግድግዳው በመብራት ምክንያት ቢጫ ከመሰለ የሌቭልስን ነጭ ጠብታ (የቀለም መምጠጫ ምልክት) ግድግዳው ላይ አንዴ መጫን ያስተካክለዋል። ግድግዳው ራሱ ክሬም የተቀባ ከሆነ ግን አይጫኑት፤ ፊቱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

አማርኛ ለመጻፍ ጊምፕ የኮምፒውተሩን ፎንቶች ይጠቀማል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ቢጫን ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ችግር የሚመጣው ከድሮዎቹ ዩኒኮድ (ፊደልን በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት የሚያደርገው ደረጃ) ካልሆኑ ፎንቶች ነው፤ በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይዘበራረቃል። ቀላሉ መድኃኒት ፎንቱን ቀይሮ እንደገና መጻፍ ነው። ካርዱ ላይ ብዙ ደቃቅ ጽሑፍ ካለ ፎቶውን በጊምፕ ጨርሰው ጽሑፉን በኢንክስኬፕ ይጨምሩና በፒዲኤፍ ያውጡ፤ ኢንክስኬፕም ነፃ ነው፣ ፊደሉም ሲታተም ጠርዙ ጥርት ይላል።

ፎቶፒ የሚጠቅመው በፒኤስዲ (የፎቶሾፕ ፋይል) የተሠራ ዝግጁ የሠርግ ወይም የክርስትና ካርድ ሲገኝ ነው። ጊምፕ ፒኤስዲ ቢከፍትም ጽሑፉን ብዙ ጊዜ ወደ ሥዕል ይቀይረዋል፤ ፎቶፒ ግን ጽሑፉ የሚታረም ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ምንም አይጫንም፣ ፎቶውም ከኮምፒውተርዎ አይወጣም፤ ሥራው የሚካሄደው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ካሳየ የፎንቱን ፋይል ጎትተው መስኮቱ ላይ ይጣሉት። ማስታወቂያው ይረብሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራት ቢጠፋ ወይም ታቡ ቢዘጋ ያላስቀመጡት ሥራ ላይመለስ ይችላል፤ ስለዚህ በየመሐሉ በፒኤስዲ ያስቀምጡ።

ከሌሎቹ ነፃ ፕሮግራሞች ፔይንት ዶት ኔት ቀላልና ፈጣን ነው፣ አነስተኛ ራም ላለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ ሂል ያለ መሣሪያ አብሮት ስለማይመጣ ለድሮ ፎቶ አንመርጠውም። ክሪታ ለሚሥል ሰው ነው። ስልክ ብቻ ላለው ስናፕሲድ የተባለው አፕ ነጠብጣብ ለማጥፋትና ብርሃን ለማስተካከል ይበቃል፤ ሌየር ስለሌለው ካርድ አይሠራም።

ጊምፕ ላይ የሚነሱት ቅሬታዎች ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም መፍትሔ አላቸው። «አስቀመጥኩት፣ ስልኬ ግን አይከፍተውም» የሚባለው ኮንትሮልና ኤስ በራሱ በኤክስሲኤፍ ፎርማት ስለሚያስቀምጥ ነው። ኤክስሲኤፉ ወደፊት ለማረም ይቀመጥ፤ ለሰው የሚላከው በ«ኤክስፖርት አዝ» ይውጣ፣ ጄፔግ ከሆነ ጥራቱ ከ90 እስከ 95 ይሁን። ሁለተኛው «ብሩሹ አልሠራ አለ» ነው፤ ሌላ ቦታ የቀረ ምርጫ (ሰሌክሽን) ስላለ ወይም የተመረጠው ሌየር ሌላ ስለሆነ ነው። ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኤ ምርጫውን ያጠፋል፤ ከዚያ ትክክለኛውን ሌየር መጫን ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ አንድ የማይቀር ነገር አለ፦ ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ይላል። ስለዚህ መቶ ካርድ ከመታዘዙ በፊት አንድ ይታተምና በቀን ብርሃን ይታይ። በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ያያይዙት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ በ300 ዲፒአይ የተደከመበትም ሥራ ማተሚያ ቤቱ ጋ የሚደርሰው ደብዝዞ ነው።