ዩሪያ ወይስ አሞኒየም ሰልፌት? የአንድ ኪሎ ናይትሮጅን ዋጋ ስንት ነው

የጓሮ አትክልት የሚያለሙ ጓደኞቼ ክረምት በመጣ ቁጥር «ከዩሪያና ከአሞኒየም ሰልፌት ማዳበሪያ ርካሹ የትኛው ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ መልሱን አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጡን መርጫለሁ። የእኔ ምርጫ ዩሪያ ነው፤ ነጋዴው የሚጠራው ዋጋ የጆንያው ሲሆን ተክሉ የሚፈልገው ግን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ነውና።

ስሌቱ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ያየነው ነው። አንድ የዩሪያ ሞለኪውል ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16፣ ሁለት ናይትሮጅን 28፣ አራት ሃይድሮጅን 4 ይዞ በድምሩ 60 ይመዝናል፤ 28 ለ60 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 46.7 በመቶ ይሆናል። አሞኒየም ሰልፌትም ሁለት ናይትሮጅን አለው፤ ነገር ግን ስምንት ሃይድሮጅን፣ አንድ ድኝና አራት ኦክስጅን ተጨምረውበት 132 ስለሚመዝን የናይትሮጅኑ ድርሻ ወደ 21.2 በመቶ ይወርዳል።

ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለስሌት ያህል ባለ 50 ኪሎው ዩሪያ 4,000 ብር፣ አሞኒየም ሰልፌቱ 2,500 ብር ነው እንበል። የ1,500 ብሩ ልዩነት ያጓጓል። ይሁን እንጂ ድርሻቸውን ከነጥብ በኋላ ያለውን ትተን 46 እና 21 በመቶ ብንይዘው፣ በዩሪያው ጆንያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ስላለ ኪሎው 174 ብር ገደማ ሲወጣ፣ በሌላው ውስጥ ያለው 10.5 ኪሎ ብቻ በመሆኑ ኪሎው 238 ብር ይደርሳል። አሞኒየም ሰልፌቱ እንዲያዋጣ ከ1,826 ብር በታች መሸጥ ነበረበት።

እኔን ያስተማረኝ ግን አፉ በእጅ የተሰፋ «ርካሽ ዩሪያ» ነው። ጥርጣሬ ገብቶኝ ጥቂት ፍሬ በአሮጌ ማንኪያ ከደጅ ፍም ላይ ብይዘው፣ ከፊሉ እንደ ሻማ ቀልጦ የአሞኒያ ሽታ ሲሰጥ ከፊሉ ሳይቀልጥ ይንጣጣ ጀመር፤ ለካ ጨው ተደባልቆበታል። ከጆንያው አምስተኛው እጅ ጨው ከሆነ የሚቀረው ናይትሮጅን 18.4 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 400 ብር ተቀንሶለት በ3,600 ብር የተገዛ እንኳ ኪሎውን 196 ብር ያስከፍላል፣ ጨው አፈር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሳይቆጠር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስፌቱ የተነካ ጆንያ አልገዛም።

ዩሪያ የራሱ ጣጣ አለው፤ እርጥበት ስቦ ይጋገራል፣ ላይ ላዩን ተበትኖ አፈር ካልለበሰም ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። አሞኒየም ሰልፌት በበኩሉ አፈሩን ይበልጥ አሲዳማ ስለሚያደርግ፣ እንደ ጎጃምና ወለጋ ደጋዎች ኖራ ለሚያስፈልገው መሬት አልመክረውም። አሲዳማ ባልሆነና ድኝ ባነሰው አፈር ላይ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት ለሚተክል ሰው ግን በውስጡ ያለው 24 በመቶ ድኝ ይጠቅመዋል፤ እኔም ለነጭ ሽንኩርት መደቤ ብቻ ጥቂት ኪሎ አስመዝኜ እገዛለሁ።