የራስ ኢንጂን፣ አንሪል፣ ዩኒቲ ወይስ ጎዶት? በአዲስ አበባ ጌም ለሚሠራ ትንሽ ቡድን

አምስት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ጌም ስንጀምር፣ ኢንጂኑንም፣ ማለትም ምስሉንና ድምፁን የሚያስኬደውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ እንደ አንሪል፣ ዩኒቲና ጎዶት ያለ ዝግጁ ከመውሰድ ይልቅ ራሳችን ጻፍነው። ስምንት ወር ፈጀብን። ዋናውን ኮድ የጻፈው ልጅ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ የተካው ልጅ ኮዱን ለመረዳት ብቻ ሁለት ወር ከረመ።

ትልልቆቹ ጌም ሠሪ ኩባንያዎችም ይህን ሸክም እያወረዱ ነው። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጌም በራሱ ሬድኢንጂን የሠራው ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ፣ ወደ አንሪል ኢንጂን 5 እንደሚዞር በ2022 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። ሄይሎ (Halo) የተባለውን ጌም የሚሠሩትም በ2024 የራሳቸውን ኢንጂን ስሊፕስፔስን ትተው ተከተሉት። በብዙዎች እጅ ያለ ኢንጂን ሲሆን፣ አዲስ የሚቀጠረው ሰው ሥራውን አውቆት ይመጣል።

አንሪል በምስል ጥራት የሚወዳደረው የለም። የጌሙ ገቢ 1 ሚሊዮን ዶላር እስኪያልፍ አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ካለው ግን በመደበኛው ውል 5 በመቶ ይወስዳል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው፤ የአንሪል ባለቤት ኤፒክ 32 ጊጋ ራም ይመክራል። ባለ 8 ጊጋ ላፕቶፕ ይዛችሁ አትድከሙ።

ዩኒቲ ለሞባይል ጌም ጥሩ ነው፤ ትምህርቱም በየቦታው አለ። ሆኖም በመስከረም 2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ አመጣለሁ ብሎ ዴቨሎፐሩን አስደነገጠ፤ የሰረዘው ከዓመት በኋላ ነው። እኔ ያ ነገር አልወጣልኝም።

ጎዶት በነጻ ፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ከገቢያችሁ ሳንቲም አይጠይቅም። ዶላር የሚቆርጥ ካርድ ለማግኘት ለሚቸገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በከባድ ስሪዲ ግን አንሪልን አይደርስበትም፤ ለፕሌይስቴሽንና ለመሰሎቹ ማውጣትም የሌላ ኩባንያ እገዛ ይፈልጋል።

ከመምረጣችሁ በፊት ፊደላችንን ሞክሩ። በእኛ ኢንጂን «ጀምር» የሚለው ቁልፍ ላይ የወጡት ሦስት ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። 256 ምልክት ብቻ እንዲያነብ አድርገን ስለጻፍነው ግዕዙ ከነጭራሹ አይገባውም። በዩኒቲም ጽሑፍ የሚያሳየው ክፍል፣ ቴክስትሜሽፕሮ፣ ያለ ግዕዝ ፎንት ያው ሳጥን ነው የሚያሳየው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት አስገብቶ ለእሱ እንዲሆን ማዘጋጀት ይጠይቃል። በጎዶት የፎንቱን ፋይል ጎትተን የቁልፎቹንና የጽሑፉን መልክ የሚወስነው ቴም (theme) ላይ ስናስቀምጠው ወዲያው ተነበበ።

የሚችል ኮምፒውተር ካላችሁና ስሪዲ ካሰባችሁ አንሪልን ያዙ። ለቱዲና ለትንሽ ላፕቶፕ ጎዶት። የራስን ኢንጂን መጻፍ ለመማር ግሩም ነው፤ የቤት ኪራይ እየከፈሉ ለመሸጥ ግን አይሆንም። እኛ ወደ ጎዶት ከዞርን በኋላ የመጣችው ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን በሦስተኛው ቀን አስረከበችን።