ብዕር መሰሉ ኦአርፒ ሜትር ለማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ

ለመዋኛ ገንዳና ለዓሣ ማርቢያ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው ብዕር መሰል ኦአርፒ ሜትር (ኤሌክትሮን የመቀበል ወይም የመስጠት ዝንባሌን በሚሊቮልት የሚለካ መሣሪያ) አናኤሮቢክ ሬስፒሬሽንን (ባክቴሪያ በኦክስጅን ፋንታ እንደ ናይትሬትና ሰልፌት ያለ ኤሌክትሮን ተቀባይ የሚተነፍስበትን መንገድ) በኩሬ ጭቃ ለማስተማር ይበቃል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር እንዳለ ለሚቀበል አስተማሪ ግን አይሆንም።

ሜትሩ የሚለካበትን ፕላቲኒየም የሚያነጻጽረው በውስጡ ካለው የብር ክሎራይድ ሪፈረንስ (የማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ) ጋር ነው። የመማሪያ መጽሐፍ የቮልቴጅ ሰንጠረዥ የተሠራው ደግሞ በሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ነው። ስለዚህ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በንባቡ ላይ 200 ሚሊቮልት ገደማ ይደመራል። −380 ያነበበ ተማሪ ሳይደምር ከቀረ ጭቃው ከኤንኤዲ (በሴል ውስጥ ኤሌክትሮን ተሸካሚው ሞለኪውል፣ −320) በታች የወረደ ይመስለዋል፤ ትክክለኛው −180 አካባቢ ነው፣ ሰልፌት ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ሰልፋይድ ከሚለወጥበት (−220) ብዙም አይርቅም።

ዕቃው ደህና መሆኑን ለማወቅ ፒኤች 4 እና ፒኤች 7 ባፈር (ፒኤቹ በቀላሉ የማይለወጥ መፍትሄ) ውስጥ ኪንሃይድሮን (ቮልቴጁ የታወቀ የማመሳከሪያ ውህድ) እስኪጠግብ ጨምሮ መለካት ነው። ንባቡ 263 እና 86 አካባቢ ይሆናል። ቁጥሮቹ ትንሽ ቢዛነፉም ልዩነታቸው 177 ገደማ ከሆነ ኤሌክትሮዱ ይሠራል። ውህዱ ስለሚበላሽ በዕለቱ ይዘጋጅ።

ችግሩ ያለው ጭቃው ላይ ነው። የኩሬ ጭቃ ከተቀዳደደ ወረቀትና ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ተደባልቆ በጠርሙስ ሲከርም ይጠቁራል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የብዕሩ ጫፍ ወፍራም ስለሆነ ሲገባ አየር ይዞ ይገባል፤ በአንድ ደቂቃ የተነበበ ቁጥር ከእውነቱ ከፍ ይላል። ንባቡ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቅ። ከላይ ወደ ታች መለካት ይሻላል፤ ከታች ያለው ሰልፋይድ ሪፈረንሱ ውስጥ ከገባ ብሩን ወደ ጥቁር ብር ሰልፋይድ ይለውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ንባቡ እየዋለለ ያስቸግራል። ወዲያው ታጥቦ በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይቀመጥ። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ኤሌክትሮዱን መግደል ነው፤ ብዙ ቤተ ሙከራ ግን እንደዚያ ያደርጋል።

ናይትሬትና ሰልፌት ከፕላቲኒየም ጋር ኤሌክትሮን በቀላሉ አይለዋወጡም። ንባቡ የድብልቁ እንጂ የአንድ ኤሌክትሮን ሰጪና ተቀባይ ጥንድ ስላልሆነ፣ ማን ምን እንደተነፈሰ ሜትሩ ብቻውን አይናገርም። ለናይትሬት የሰልፋኒሊክ አሲድና የአልፋ ናፍቲላሚን ፍተሻ አብሮ ይሠራ፦ ቀይ ከሆነ ናይትራይት አለ፣ ማለትም ናይትሬቱ ወደ ናይትራይት ተለውጧል፤ ካልሆነ ቁንጥር የዚንክ ዱቄት ይጨመር። ያኔ ከቀላ ናይትሬቱ አልተነካም፤ ካልቀላ ባክቴሪያው ናይትራይቱንም አልፎ ሄዷል።

በጭቃ ፋንታ የሚቦካ ሊጥ አይመከርም። ሜትሩ እዚያም ቁልቁል ይወርዳል፤ ፈርመንቴሽን ግን ኤሌክትሮኑን የሚረከብ የውጭ ተቀባይ የለውም፣ ተማሪው ሁለቱን ያምታታል።

የሚገዛ ሰው ኤሌክትሮዱ ተነቅሎ የሚተካውን ዓይነት ይምረጥ።