እከኩ ከማን መጣ? ለጤና ጣቢያችን ሲስተር ምስጋና

ይህን የምጽፈው ትንሽ እያፈርኩ ነው። ቤታችን እከክ ገብቶ ነበር። አዎ፣ እከክ። ቃሉን ስታነቡ ፊታችሁን እንዳጨማደዳችሁ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ ለጠየቀኝ ሁሉ "አለርጂ ነው" እያልኩ ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ አዲስ ሠራተኛ ቀጠርን። ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፣ የምትተኛው ከትልቋ ልጄ ጋር ነው። በመጣች በሦስተኛው ቀን ማታ ማታ ማከክ ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ ተከተሉ፣ ከዚያ እኔ። ማንን እንደጠረጠርን መቼም ገብቷችኋል። ባለቤቴማ "ደሞዟን ሰጥተን እንሸኛት" ብሎ ጨርሶ ነበር።

መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። እጃችንን እንኳ በደንብ ሳያዩ የአለርጂ ክኒንና የስቴሮይድ ቅባት ጻፉልን። ቅባቱ ለጥቂት ቀን ቅላቱን አጠፋው። ከዚያ ብሶ ተመለሰ።

ጎረቤታችን እማማ ናቸው "ጤና ጣቢያ ሂጂና ሲስተርን አሳያቸው" ያሉኝ። ሲስተር ጡረታቸው የደረሰ ትልቅ ሴት ናቸው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የጣቶቼን መሃል፣ የእጄን አንጓ፣ የልጁን እምብርት ዙሪያ በባትሪ አዩ። "እከክ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት ግን እንደ መርማሪ ፖሊስ ጥያቄ ጀመሩ። ማን መቼ ማከክ ጀመረ? ከዚያ በፊት የት አደራችሁ? ሠራተኛዋን ከዚህ በፊት ይዟት ያውቃል?

ይዟት ያውቃል፣ በልጅነቷ። እኛ ደግሞ ለፋሲካ አገር ቤት ሄደን ልጆቹ ከአክስታቸው ልጆች ጋር በአንድ ብርድ ልብስ አራት ሌሊት አድረዋል።

ሲስተር ሳቁ። "እንግዲያው ያስያዛችኋት እናንተ ናችሁ!"

ለካ እከክን የምታመጣው በጣም ትንሽ ተባይ ናት፤ የሚያሳክከው ግን የተባይዋ ንክሻ አይደለም። ሴቷ ተባይ ቆዳ ውስጥ መተላለፊያ ትቆፍርና እዚያው እንቁላል ትጥላለች። ሰውነታችን ተባይዋን፣ እንቁላሏንና ኩሷን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲቆጣ ነው የሚያሳክከን። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ሰውነቱ ይህን እስኪለይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ምንም ሳይሰማው ለሌላው ያስተላልፋል። አንዴ ተይዞ የዳነ ሰው ግን ሰውነቱ ስለሚያስታውስ፣ ዳግም ሲያዝ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ማከክ ይጀምራል። እሷ በ3 ቀኗ፣ እኛ ከፋሲካ 5 ሳምንት በኋላ። ከእሷ ይዞን ቢሆን ኖሮ ገና ሳምንታት ይቀሩን ነበር።

ቤት ገብቼ ሳነብ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኬኔት ሜላንቢ የሚባል እንግሊዛዊ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ፣ ህሊናችን አይፈቅድም ብለው ጦርነት አንሄድም ያሉ ሰዎችን በፈቃዳቸው እከክ እያስያዘ ይህንኑ አጥንቷል። እነሱም ማከክ የጀመሩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ሲስተር ግን ይህን ሁሉ በሦስት ጥያቄ ጨረሱት።

ስቴሮይዱም ያታለለን ለዚህ ነው፤ የሰውነታችንን ቁጣ አበረደው እንጂ ተባዩን አልነካውም። ሌላው የገረመኝ፣ እንዲህ እያንገበገበ እንቅልፍ የሚነሳን ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ተባይ ቢገኝ ነው። ሰውነታቸው በጣም የተዳከመ ሰዎች ላይ ግን በሺህ የሚቆጠር ሊራባ ይችላል፣ እነሱ ደግሞ ብዙም ላያሳክካቸው ይችላል።

ሲስተር ፐርሜትሪን የሚባል፣ ተባዩን የሚገድል ቅባት አዘዙልን። ከአንገት በታች እስከ እግር ጣት፣ ማታ ተቀብቶ ጠዋት መታጠብ፣ በሳምንቱ መድገም። ቤት ያለ ሁሉ በአንድ ቀን፣ የማያሳክከውም ጭምር። ባለቤቴ "እኔን ምን አገባኝ" ሲል ሲስተር በስልክ ልኩን ነገሩት። አንሶላና ልብስ በፈላ ውኃ ታጠበ፣ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ከረመ።

በሁለተኛው ሳምንት አሁንም ሲያሳክከኝ ተናድጄ ሌላ ቱቦ ቅባት ልጠይቅ ሄድኩ። እንደገና በባትሪ አዩኝና እምቢ አሉ። "ተባዩ ሞቷል፤ ሬሳው ገና ቆዳሽ ውስጥ ነው። ቆዳሽ ተገፎ እስኪወጣ ሰውነትሽ መቆጣቱን አይተውም። ደጋግመሽ ብትቀቢ ቆዳሽን ነው የምታቃጥይው።" ለማሳከኩ ብቻ ክኒን ሰጡኝ። በአራተኛው ሳምንት ጠፋ። እሳቸው ባይከለክሉኝ ሦስት ቱቦ እጨርስ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሠራተኛችን አለች፣ ይቅርታም ጠይቀናታል። ባለቤቴ እስካሁን ዓይኗን ማየት ይከብደዋል።

ሲስተርዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የት ጤና ጣቢያ እንደሆነ የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፤ ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ብቻውን የመጣን ሰው "ሌሎቹስ የት አሉ?" ብለው ይመልሱታል።