የዩቨርዥን የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያ፦ ምዕራፉን ሙሉውን ክፈቱበት

ዩቨርዥንን ስልኩ ላይ የጫነ ክርስቲያን ብዙ ነው። መተግበሪያው የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ሲሆን፣ ያዘጋጀው ላይፍ ቸርች የሚባል አሜሪካ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በነጻ ነው የሚጫነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስልካችን ላይ ያለው አብዛኛው ነገር ግዙ፣ ለውጡ፣ ጨምሩ ሲለን ነው የሚውለው።

እዚህ የምገመግመው ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሥራው፣ ገንዘቡ፣ ስሙ ልባችንን ሙሉ በሙሉ ሲይዘው ይሄ መተግበሪያ ወደ ክርስቶስ ይመልሰናል ወይ? መልሴ አዎ ነው፣ ግን አጠቃቀሙን ካወቅንበት።

ብዙ ሰው የሚጠቀመው የዕለቱን ጥቅስ ነው። ቆንጆ ሥዕል ላይ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፣ እናነበዋለን፣ ለጓደኛ እንልካለን፣ በቃ። ጥሩ ልማድ ነው፣ ብዙዎችን በክፉ ቀን እንዳጽናና አምናለሁ። ችግሩ ጥቅሱ ብቻውን ሲቆም የራሳችንን ምኞት ይዘን ገብተን የምናነበው መሆኑ ነው። ፊልጵስዩስ 4፥13ን ውሰዱ። ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ የሚለው ነው። ይሄን ጥቅስ ፈተና ለማለፍ፣ ውድድር ለማሸነፍ፣ ንግድ ለመክፈት ስንጠቅሰው ነው የምንውለው። ጳውሎስ ግን የጻፈው ታስሮ ነው። ከፍ ብላችሁ ቁጥር 11ንና 12ን ካነበባችሁ የሚያወራው ስለ ማግኘትና ስለ ማጣት፣ ስለ መጥገብና ስለ መራብ ነው፤ በየትኛውም ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ ነው የሚለው። ስለዚህ ሁሉን እችላለሁ ሲል ሲያጣም ሳይሰበር መኖርን ጭምር ነው። ኤርምያስ 29፥11ም እንደዚሁ ነው። ስለ ሰላምና ስለ ተስፋ የሚናገረው ያ የተወደደ ቃል የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው፣ እሱም ከ70 ዓመት በኋላ ነው የምትመለሱት ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ። ደብዳቤው ሲነበብላቸው ከሰሙት ብዙዎቹ መመለሱን በዓይናቸው አላዩትም። ይሄን እያወቁ ሲያነቡት ተስፋው ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀንስም።

ከጥቅሱ ወደ ሙሉ ምዕራፉ መግባት ቀላል ነው፣ አንድ ሁለት መንካት ነው። አድርጉት በናታችሁ።

በጣም የወደድኩት የድምፅ ንባቡን ነው። ሁሉም ትርጉም ድምፅ የለውም፣ ያለውን መርጦ ማዳመጥ ነው። ሲነበብላችሁ የማይመቻችሁን ቁጥር ዘልላችሁ አታልፉም። ማርቆስ 10 ላይ ያ ሀብታም ሰው ሮጦ መጥቶ ይንበረከካል፣ ትእዛዛቱን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደጠበቀ ይናገራል፣ ኢየሱስም አይቶት ወደደው ይላል፤ ያለህን ሁሉ ሽጥ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። በዓይኔ ሳነበው ትእዛዙ ላይ ነበር የማተኩረው። በጆሮ ሲመጣ ግን ወደደው የምትለዋ ቃል ትቀድማለች፣ ሰውየው አዝኖ ሲሄድም ያሳዝናል። የጥንቱ የግብፅ መናኝ አባ እንጦንስም እኮ የሰሙት ሲነበብ ነው! ታሪካቸውን የጻፈው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ እንደሚለው፣ ወላጆቻቸው ሞተው ሰፊ ለም መሬት የወረሱ ወጣት ሳሉ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ያን ጊዜ ከማቴዎስ 19 ይሄው ታሪክ እየተነበበ ነበር፣ ለእሳቸው የተነገረ ሆኖ ተሰማቸውና ወጥተው መሬቱን ለመንደራቸው ሰዎች ሰጡ። ሌላውንም ሸጠው ለድሆች አደሉ፣ ለእህታቸው ጥቂት አስቀርተው።

የንባብ ዕቅዶቹ ይለያያሉ። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ይበቃኛል ማለት ብዙ ታገኛላችሁ። አንዳንዶቹ ቃሉን በደንብ ያስነብባሉ፣ አንዳንዶቹ ግን አንድ ጥቅስ ጠቅሰው ስለ ስኬት ምክር ይሰጣሉ፣ ያኛውን ምክር ሌላ ቦታም አታጡትም። እኔ የምመርጠው ሙሉ ምዕራፍ የሚያስነብበውን ነው።

በተከታታይ የገባችሁባቸውን ቀናት ይቆጥራል፣ ባጅ የሚባል የሽልማት ምልክትም ይሰጣል። ሰነፍ ለሆነ ሰው ማነቃቂያ ነው፣ አልቃወመውም። ግን ቀኑን ሙሉ በቁጥር ስንለካ ለምንውል ሰዎች፣ በሥራ ውጤት፣ በደመወዝ፣ በተከታይ ብዛት፣ ጸሎታችንም ሌላ ውጤት እንዳይሆንብን እፈራለሁ። እግዚአብሔር ፊት የምንቀርበው ሪከርድ ለመጠበቅ አይደለም። ቀን ከዘለላችሁ ምንም ሳትሸማቀቁ ክፈቱት።

ባጠቃላይ ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አዲስ ለምትጭኑት፣ በሉቃስ 12 ጀምሩ፣ ከቁጥር 13 እስከ 34 ሳታቋርጡ አዳምጡ። ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ሀብታም የሚናገረው ምሳሌ የመጣው፣ ወንድሜ ርስት እንዲያካፍለኝ ንገረው ብሎ ከጠየቀ ሰው የተነሳ ነው። ስለ ቁራዎቹና ስለ አበቦቹ የሚናገረውም ወዲያው ይከተላል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የሌሎቹን መተግበሪያዎች ማሳወቂያ አጥፉ።